ጋሼ ከግሩፑ ወጡ

ባለፈው ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ቴሌግራም ላይ የቤተሰብ ግሩፓችን ውስጥ አንዲት ግራጫ መስመር ብቅ አለች፣ ጋሼ ግሩፑን ለቀው ወጥተዋል የምትል። እኔ እራት እያወጣሁ ነበር፣ ጭልፋውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ሰላሳ ምናምን አመት አማርኛ ያስተማሩ፣ ከዛ በፊት ደግሞ ጎጃም ውስጥ በቆሎ ተማሪነት ቅኔ የዘረፉ፣ ስልክ ለመዝጋት ራሱ ሶስቴ የሚመርቁ ሰው፣ ደህና ሁኑ ሳይሉ የትም ወጥተው አያውቁም። ያስወጣቸው የቃል ጨዋታ ነው። እንደውም አንዲት ቃል ናት፣ ቃሏን ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በ2014 ጥር ላይ ነው፣ ዎርድል የሚባለው ባለ 5 ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል የመገመት ጨዋታ ሰውን ሁሉ ያሳበደ ሰሞን። ታስታውሱ እንደሆነ ጆሽ ዋርድል የሚባል ሰው ለፍቅረኛው ብሎ ሰርቶት በፈረንጆቹ 2021 ጥቅምት ላይ ለህዝብ ለቀቀው፣ ከዛ ሶስት አራት ወር ሳይሞላ ኒውዮርክ ታይምስ ገዛው። ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ጠዋት ጠዋት የግምቱን ውጤት አረንጓዴና ቢጫ ሳጥን (አረንጓዴ ፊደሉ ቦታውን ሲይዝ፣ ቢጫ ቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታው ሲሳት) ይልክልን ነበር፣ እኛም ምን እንደሆነ ሳይገባን ላይክ እናደርጋለን። አንድ ቀን ሳቅ በሳቅ ሆኖ መጣ፣ የዕለቱ መልስ ሂዩመር የሚለው ቃል ነበር አሉ፣ አሜሪካኖቹ በ5 ፊደል ይጽፉታል፣ እንግሊዞቹ ደሞ አንድ ዩ ጨምረው በ6፣ ጨዋታው የሚቀበለው 5 ብቻ ስለሆነ እንግሊዞቹ ተንጫጩ፣ ቋንቋው የማን ሆነና ምናምን። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ለአንድ ዩ ይሄ ሁሉ ጩኸት ብዬ። እግዜር ያሳያችሁ አሁን፣ ሶስት ሀ ያለው ሰው በአንድ ዩ ይስቃል?

እና ይሄ የአክስቴ ልጅ በዛው ሰሞን ለምን በአማርኛ አንጫወትም አለ። ዎርድሉን እንዳለ ማምጣት አልሆነም፣ ምክንያቱም በእንግሊዝኛው ፊደሉ ወይ አለ ወይ የለም ነው፣ በኛ ግን አንተ ቢ ብለህ መልሱ ቡ ቢሆን ምን አይነት ቀለም ይሰጥሃል? ግማሽ ቢጫ? ስለዚህ ልጅ ሆነን የምንጫወተውን ያዝን፣ አንዱ ቃል ይጥላል፣ ያለቀበትን ፊደል ይዞ ሌላው ይቀጥላል። በግ ካልኩ ግመል ትላለህ፣ እኔ ሎሚ እላለሁ... ቆይ፣ ግመል በል ነው የሚያልቀው፣ ሎሚ በሎ ነው የሚጀምረው፣ ይቻላል? አያችሁ፣ ገና ሁለት ቃል ሳንሄድ።

የመጀመሪያው ሳምንት ህጋችን ጥብቅ ነበር፣ ያለቀበት ፊደል ራሱ ነው የሚጀምረው፣ ሳድስ ከሆነ ሳድስ፣ ሳብዕ ከሆነ ሳብዕ። ለዶሮ ሮማን አለ፣ ለበቆሎ ሎሚ አለ፣ ደስ ይል ነበር እስከ ስንዴ ድረስ። ስንዴ ብዬ የጣልኩት እኔ ነኝ ይቅር ይበለኝ። ሁሉም ዝም ዝም ሆነና ትንሹ ወንድሜ ዴሞክራሲ አለ፣ ጋሼ ዲሞክራሲ ነው እንጂ ዴሞክራሲ አይደለም አሉ፣ ወንድሜ ሁለቱንም ጋዜጣ ላይ አግኝቶ ስክሪንሾት አመጣ፣ አክስቴ ሁለቱም ይቅር አማርኛ አይደለም አለች፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስንዴ ላይ ቆመን ቀረን። ከዛ በኋላ ነው ህጉን ያላላነው፣ የፊደሉ ቤት ከተገናኘ ይበቃል፣ በቤት ያለቀውን በተራራ መቀጠል ይቻላል ብለን።

ግን ይሄ ትንሹ ጸብ ነው። ትልቁ የመጣው ጨዋታው በተጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነበር። ጋሼ ንጉሥ ብለው ጣሉ፣ እኔ ስልክ አልኩ። "ልጄ፣ የኔ ንጉሡ ሠ ነው፣ ያንቺ እሳቱ ሰ ነው።" እኔ ደግሞ ጨዋታውን ለማስቀጠል ብዬ ጋሼ በዛኛው ሥ የሚጀምር ቃል ከየት ይመጣል አልኳቸው። አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ ሥራ፣ ሥጋ፣ ሥር፣ ሥዕል፣ ሥልጣን፣ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ በተለየ ሜሴጅ፣ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ለማያውቅ ካለ፣ አባቶች እነዚህን ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች የሚለዩበት ስም አላቸው፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ይባላሉ፣ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ። በግዕዝ ትርጉም ይለያሉ፣ ጋሼ ሁሌ የሚያመጡት ምሳሌ ሰረቀ ነው፣ በእሳቱ ሰ ከሆነ ሌብነት ነው፣ በንጉሡ ሠ ከሆነ ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ምሥራቅ የሚለውም ከዛ ነው የመጣው። "ፀሐይ ሠረቀ ብለህ በእሳቱ ከጻፍክ ፀሐይን ሌባ አደረግካት" ይላሉ። ይሄን ስሰማ አርባኛ ጊዜዬ ይሆናል፣ አሁንም ያስቀኛል።

የአክስቴ ልጅ ሶፍትዌር ነው ስራው፣ ክርክሩን በኮምፒውተር ልጨርሰው ብሎ ቦት ሰራ። ቃል ስትልክ ቦቱ የመጨረሻውንና የመጀመሪያውን ፊደል አስተያይቶ ትክክል ወይ ስህተት ይላል፣ ጊዜም ይቆጥራል፣ 5 ደቂቃ። ስራ በጀመረ በመጀመሪያው ቀን ቦቱ ከማን ጋር ወገነ? ከጋሼ ጋር! ለካ የኛ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ የሚባለው፣ ኮምፒውተር ላይ ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ሠ እና ሰ የየራሳቸው ቁጥር ነው የተሰጣቸው፣ ለኮምፒውተር ሠ እና ሰ ማለት ሠ እና ቀ እንደማለት ነው፣ ምንም አይዛመዱም። ጋሼ ሲደሰቱ ብታዩ። "ብረቱ ያወቀውን እናንተ አላወቃችሁም" አሉ። ልጁ ሌሊት ተነስቶ የሚያመሳስል ሰንጠረዥ ጨመረበት፣ ያኔ ነው የሀ ጉድ የታየው፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ ስድስት ፊደል ለአንድ ድምፅ፣ እማዬ ኻንም ጨምር ብላው ነበር እሷ እንኳን ሌላ ነው ብሎ ተወው።

እኔ አድሚን ነኝ፣ ማንም ሳይመርጠኝ። ሁለቱንም ወገን ለየብቻ እያዋራሁ አንድ ህግ አወጣሁ፣ እስካሁን የምኮራበት፦ ለማገናኘት ድምፅ ይበቃል፣ ለመደገም ግን ትርጉም ይታያል። ማለትም ንጉሥን በስልክ መቀጠል ይቻላል፣ ግን አንድ ሰው ድህነት ካለ በኋላ ሌላው ድኅነት ማለት ይችላል፣ ምክንያቱም አንዱ ማጣት ነው አንዱ መዳን ነው፣ ተደገመ አይባልም። ጋሼ ይቺን ሲያዩ "ሰሎሞን ተነሳ" አሉኝ፣ የአክስቴ ልጅም ኦኬ አለ።

ኦኬው የቆየው ሁለት ሳምንት ነው። ዱባይ ያለችው እህቴ ገና አለች፣ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ገና አለ፣ ቦቱ ተደግሟል ብሎ ጣለበት። ወንድሜ ደግሞ የኔ ላልቶ ነው የሚነበበው፣ ገና አልመጣም የምንለው፣ የሷ ግን ጠብቆ ነው፣ በዓሉ። ልክ ነው እኮ! ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፣ ዋና የሚዋኘውም ነው ዋነኛውም ነው፣ ሰፊ ልብስ የሚሰፋውም ነው ጠባብ ያልሆነውም ነው። ማን ምን ለማለት እንደፈለገ በምን ይታወቃል? ከዛ በኋላ ቮይስ መላክ ተፈቀደ፣ ቃሉን ጽፈህ ከስሩ በድምፅህ ታነበዋለህ። ዱባይ ያለችው እህቴ ማታ ከስራ ወጥታ አውቶብስ ላይ ሆና ስልኩን አፏ ላይ ለጥፋ "ዋና! ዋንና!" እያለች ስትጮህ ሰው እየዞረ እያያት፣ ፊሊፒኖዋ ጓደኛዋ ደህና ነሽ ወይ አለቻት አሉ።

የመዝገበ ቃላቱን ነገር ቶሎ ልለፈው። የአክስቴ ልጅ እንደ ስክራብል፣ ፊደል እየገጣጠሙ ቃል እንደሚሰሩበት ጨዋታ፣ አንድ የታወቀ የቃል ዝርዝር ይኑረን፣ እዛ ላይ የሌለ ቃል አይደለም አለ። ማስረጃ ብሎ ያመጣው ደግሞ ናይጅል ሪቻርድስን ነው፣ በፈረንጆቹ 2015 ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛ ስክራብል የአለም ሻምፒዮን የሆነውን የኒውዚላንድ ሰው፣ ቃላቱን ብቻ ሸምድዶ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና "ትርጉሙን ሳያውቅ? በቀቀን ነዋ" ብለው ዘጉት። የሳቸው ዳኛ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ነው፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው፣ ስሙ ራሱ በዐይኑ ዐ ዐዲስ ብሎ የሚጀምረው። ፒዲኤፉን አግኝተን ብንከፍተው ማን ቃል ያግኝ፣ በሀ ሁ አይደለም የተደረደረው፣ በአ በ ገ ደ ነው። እኛ ሀ ብለን ከፊት ስንፈልግ አ ይጠብቀናል። እና ደግሞ ዝርዝር ቢኖርስ ግሱን ምን ልናረገው ነው? አልደወለችላችሁም አንድ ቃል ነው፣ ማን፣ ለነማን፣ አለመሆኑን ጨምሮ ሙሉ ወሬ ውስጡ አለ፣ በእንግሊዝኛ አምስት ስድስት ቃል ይፈጃል። እህቴ እንዲ አይነት ቃል እየጣለች ስታስቸግር ግስ በሄደ በበላ ብቻ፣ ስም ያለ ቅጥያ ብለን ቆረጥን። ቤት ይቻላል፣ ቤታችን አይቻልም።

የስክራብል ህግ አንድ ብቻ ወሰድን። የአሜሪካኖቹ ውድድር ላይ የሌላውን ቃል የለም ብለህ ከሞገትክና ቃሉ ካለ ተራህን ታጣለህ። እውነቱን ለመናገር ህጉን ያመጣነው ጋሼ ሙግት እንዲቀንሱ ብለን ነው። ጋሼ አንድም ሙግት አልተሸነፉም። ተራችንን ስንበላ የከረምነው እኛ ነን።

ኛ ግን፣ ኛ የተለየ ነገር ነው። በአማርኛ በኘ ቤት የሚጀምር ቃል ካላችሁ ላኩልኝ እከፍላለሁ። የሚያልቅበት ግን መአት ነው፣ ጓደኛ፣ ነገረኛ፣ ሐኪሙ ጋ ሄደህ በሽተኛ፣ ቤተክርስቲያን ሄደህ ምስኪን ባትሆን እንኳ ለማኝ፣ የሳምንቱ ቀን ራሱ፣ ሰኞ። (ሰኞን ድሮም አልወዳትም።) ስለዚህ አንድ ሰው ኛ ካለ ቀጣዩ ሞተ ማለት ነው፣ ሁሉም ኛውን እንደ ጥይት ቆጥቦ ነበር የሚጫወተው፣ ጨዋታው አስራ ምናምን ቃል ሳይደርስ ያልቃል። ያኔ ነው ወንድሜ ኘሮግራም ብሎ የመጣው። አትሳቁብኝ፣ እውነት ነው፣ ፕ እና ኘ ስለሚመሳሰሉ ስንት ታፔላ ላይ ኘሮጀክት ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ፣ ሄዶ የአንዱን ጽህፈት ቤት በር ፎቶ አንስቶ ላከ። ሰው ሁሉ ከጻፈው ቃል ነው ይላል። ድምፅ ሰጠን፣ ወደቀ፣ ለነገሩ ጋሼ ያን ቀን አልተናገሩም፣ ፎቶውን አይተው "እግዚኦ" ብቻ ነው ያሉት።

ጃፓኖች ሺሪቶሪ የሚባል ልክ እንደኛው አይነት ጨዋታ አላቸው፣ እነሱም በን ድምፅ የሚጀምር ቃል ስለሌላቸው በን የሚያልቅ ቃል የተናገረ ሰው ራሱ ይሸነፋል። ይሄን ወሰድነው። ኝም ሆነ ኛ የጣለ ይሸነፋል፣ ቦቱም ላይ ገባ። ከዛ ወዲህ ጓደኛ ብሎ አምልጦት የተሸነፈ ሰው ስንት ነው።

እማዬን ሳልረሳ። አንድ ቀን አዛዥ ላይ ቆምን፣ እማዬ ዥብ አለች። የአክስቴ ልጅ ጅብ ነው እንጂ አለ። እማዬ ጽሁፍ አትወድም፣ ቮይስ ነው የላከችው፣ "እኛ አገር ዥብ ነው፣ አንተ ያለህበት አገር ዥብም የለ ጅብም የለ፣ ምን አገባህ፣ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ"። ተረቱ ውስጥ ጅብ ማለቷን ማንም ደፍሮ አልነገራትም። ጋሼ ዥብን አጸደቁ፣ እህታቸው አይደለች። እኔም አጸደቅኩ፣ ዥብም ጅብም የሚሉ ሰዎች ስላሉ ሁለቱም አማርኛ ነው፣ ለኔ በቃ።

ኔትወርክ የለም፣ መብራት ጠፋ የሚለውን፣ ቃል በቀን አንዴ ብቻ ከሆነ ቀኑ የማን ቀን ነው የሚለውን (የኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል፣ ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ግን ከእኩለ ሌሊት፣ መሀል ላይ 7 ወይ 8 ሰዓት ልዩነት አለ፣ እነሱ ደግሞ ሰዓታቸውን በአመት ሁለቴ ይነካካሉ) ልተወው፣ ስንት ጸብ እንደነበረ አስቡት።

ሐሙስ ማታ ወደሆነው ልምጣ። ጋሼ ድምፅ ብለው ጣሉ፣ በፀሐዩ ፅ። የአክስቴ ልጅ ስራ ላይ ነው፣ እሱ ጋ ቀን ነው፣ ቸኩሎ ጸሃይ ብሎ ላከ። ቦቱ ትክክል አለ። ቃሏ ይቺ ናት።

ጋሼ ጻፉ፦ "ሶስት ፊደል ካላት ቃል ሁለቱን ሳትክ።" ልክ ናቸው፣ ፀው ፀሐዩ መሆን ነበረበት፣ ፊደሉ ራሱ በስሟ የተጠራላት እሷ ናት፣ ሐውም ሐመሩ ነው። ልጁ፣ ጋሼ ለማገናኘት ድምፅ ይበቃል ተባብለን የለ አለ። ጋሼ፣ ለማገናኘት እንጂ ለማበላሸት አላልንም አሉ። አሁን ልብ በሉ፣ ህጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ቃሉ ራሱ ተሳስቶ ቢጻፍ ምን ይሁን የሚለውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ልጁ "ቦቱ ተቀብሏል" አለ፣ ጋሼ "ቦቱን ማን ወለደው" አሉ፣ እሱ ደግሞ "ጋሼ ግን ምን ለማለት እንደፈለግኩ ገብቶዎታል አይደል" አለና በእንባ የሚስቀውን ቢጫ ፊት ለጠፈበት። ወጡ።

እኔ በነገሩ የማን ወገን እንደሆንኩ ለራሴም ይምታታብኛል። ጸሃይ ቢባል የሚጎዳ ሰው አይታየኝም፣ ይሄን ጽሁፍ ራሱ ጋሼ ቢያዩት በቀይ እስክሪብቶ ያጠቡት ነበር፣ አመት ብዬ በአልፋው ጽፌያለሁ፣ በግዕዝ እሱ ገረድ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅም ዝም ብሎ አይደለም እልኸኛ የሆነው። ዘጠኝ አመት የሆናት ልጅ አለችው፣ እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ፊደል ትማራለች፣ ግሩፑ ውስጥ አስገብቷት በሳምንት ሁለት ሶስት ቃል ትጥላለች፣ የመጀመሪያ ቃሏ ሐገር ነበር፣ በሐመሩ ሐ፣ እና ያኔ ጋሼ አላረሟትም፣ ጎበዝ ብለው ነው ያለፉት። የአክስቴ ልጅ የፈራው አንድ ቀን ያርሟትና ትተወዋለች ብሎ ነው። ለልጅ 231 ፊደል ሸምድጂ ብለሃት ስትጨርስ አይ ይሄኛው ሀ ሌላ ነው ስትላት ምን ታድርግ? በሌላ በኩል ደግሞ እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ ጋሼ ናቸው፣ አንድ ክረምት ሙሉ፣ እያንዳንዷን በስሟ እየጠሩ ልክ እንደ ዘመድ። አንዷን ስታስቀርባቸው ምን እንደሚሰማቸው ከዛ ይገባኛል። የሚስቀው ፊት ግን ጥፋት ነው፣ ለትልቅ ሰው አይላክም፣ እሱን ለብቻው ደውዬ ነገርኩት፣ እሱም አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቮይስ ልኮ ጋሼን ይቅርታ ጠየቀ።

እሁድ እማዬ ድፎ ዳቦ ይዛ ጋሼ ቤት ሄደች፣ እኔም አብሬ። ቡና ተፈላ። ስለ ግሩፑ ማንም አላነሳም። ሁለተኛው ላይ እማዬ እንደዋዛ "ጨዋታው ይ ላይ ነው የቆመው" አለች። ጋሼ ዝም። "በይ የሚጀምር ጥሩ ቃል አለ" አለች ደግሞ፣ ወደኔ እያየች። ይቅርታ ማለቷ ነው፣ እነሱ ቤት ነገር እንዲ ነው የሚነገረው። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡና ሊንኩን ላኪልኝ አሉኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳየው ገብተዋል። አስራ አራት ሰው ኦንላይን ነው፣ ማንም አይጽፍም። ጋሼ እየጻፉ ነው ይላል፣ ይቆማል፣ እየጻፉ ነው ይላል። ከዛ መጣ፦

"ይግባኝ።"

ቃል ጣሉ ወይስ ይግባኝ ጠየቁ? ቃል ከሆነ በኝ አልቋል፣ በህጋችን ተሸንፈዋል። ይግባኝ ከሆነ ደግሞ ጸሃይ ገና አልጸደቀችም ማለት ነው። ወንድሜ ለብቻዬ ምንድነው ብሎ ጻፈልኝ፣ እኔ ምን አውቄ፣ ዱባይ ያለችው እህቴ ቮይስ ይላክ አለች። ቦቱ ግን ማንንም አልጠበቀም፣ ወዲያው ጋሼ ተሸንፈዋል ብሎ ለጠፈ።

ጋሼ ሪፕላይ አደረጉለት፣ ለቦቱ፦ "አንተን አልጠየቅኩም።"